ልጅዎ «ቴስታታውን ላስሞርደው» ሲል

ሞተር ብስክሌት የገባበት ቤት ክርክር አያጣም። ወጣቱ ጉልበት ይፈልጋል፤ ወላጅ ገንዘቡንና የልጁን ነፍስ ያስባል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በሞተር የሚሠራው ልጄ ሰሞኑን፣ «አባዬ፣ ቴስታታውን ላስሞርደው፤ አየር እንደ ልብ ካገኘ ይበራል» አለኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ ነውና በቁጣ አልመለስኩትም፤ ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት።

ቴስታታ የሞተሩ አናት ነው። ቫልቮቹ፣ የአየርና ቤንዚን መግቢያው፣ የጭሱም መውጫ እዚያ ናቸው። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 3,000 ጊዜ አየር ይስባል። ብረቱ በፋብሪካ ቀልጦ ሲፈስ በመግቢያው ውስጥ ሸካራ ጠርዝ ሊቀር ይችላል። ያንን ማለስለስና አፉን ከጓርኒሲዮኑ ጋር ማስተካከል አተነፋፈሱን ያቀላል። የልጄ ሐሳብ ከንቱ አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው «ሲሰፋ ይሻላል» ሲባል ነው። መግቢያው ከልክ በላይ ከሰፋ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የአየሩ ፍጥነት ይወድቃል፤ ቤንዚኑም ከአየሩ ጋር በደንብ አይዋሐድም። ጥቅሙ የሚታየው ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ነው። በሚዛንና በቴፒ ገጠር ግን ጉልበት የሚያስፈልገን ጆንያ ቡና ጭነን የጭቃ ዳገት በቀስታ ስንወጣ ነው። የቫልቩ መቀመጫ ከተነካ ደግሞ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፤ ታጥቦ ያልጠራ የብረት ብናኝም ሲሊንደሩን ይፍቃል። ከልክ በላይ የተሞረደ ብረት አይመለስም።

ሌላም አለ። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአሥር እጅ አንድ በላይ ይሳሳል። ይህንን ሞረድ አይመልሰውም።

ስለዚህ ቅድሚያ የሰጠነው ለቀላሉ ነው፤ የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ የቫልቮቹ ክፍተት፣ ኮምፕሬሽን። ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ነበር። ሲቀየር ሞተሩ ትንፋሹ ተመለሰለት።

ልጄን ግን ባዶ እጁን አልሸኘሁትም። የተጣለ አሮጌ ቴስታታ ሰጥቼው ማታ ማታ እየሞረደ ይማርበታል።

እናንተም ልጃችሁ እንዲህ ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማጣሪያው ንጹሕ ነው? ፍሬኑ ይይዛል? የራስ ቁርህስ የት አለ? ሦስቱን ከመለሰ፣ ስለ ቴስታታው መነጋገር ይቻላል።