«ኩላሊቴን ነው» የምንለው የወገብ ህመም



ከሩኩዕ ቀና ሲሉ ወገብዎን ጨምድዶ ይይዝዎታል? ብዙዎቻችን ወገባችንን ባመመን ቁጥር «ኩላሊቴን ነው» እንላለን። የኩላሊት ህመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል የሚሰማ ሲሆን፣ ጎንበስ ቀና በማለት እምብዛም አይለዋወጥም። እንቅስቃሴን ተከትሎ የሚመጣው ከጡንቻ፣ ከዲስክ ወይም ከአከርካሪ መገጣጠሚያ ነው። ዛሬ የምናየው ይህንን የመጨረሻውን ነው።

በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ደግሞ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ። እንደ ጉልበት ሁሉ ለስላሳ ሽፋንና ፈሳሽ አላቸው። ዕድሜ ሲገፋና ሸክም ሲደጋገም ሽፋኑ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያውም ይቆጣል። በቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት እንጨትና ውሃ ተሸክመው የሚመላለሱ እናቶች፣ እንሰት ሲፍቁ የሚውሉ፣ የቡና ጆንያ የሚጭኑና የሚያወርዱ ወጣቶች ወገባቸው ዕረፍት አያውቅም።

የመገጣጠሚያ ህመም ወደ ኋላ ሲለጠጡ፣ ወገብ ሲያዞሩ ወይም እንደ ተራዊሕ ባለ ሶላት ረጅም ሰዓት ሲቆሙ ይብሳል፤ ቁጭ ወይም ጎንበስ ሲሉ ቀለል ይላል። ወደ መቀመጫና ጭን ሊሰራጭም ይችላል። ከጉልበት በታች ወርዶ እግር ካደነዘዘ ግን ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ራጅ ብቻውን አይፈርድም፤ ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ መገጣጠሚያው አርጅቶ ይታያልና።

አልጋ ላይ መዋል አይጠቅምም። በሜዳማ ቦታ በእግር መሄድ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ፣ በሞቀ ጨርቅ መያዝ ይረዳል። ዳይክሎፌናክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አዘውትሮ መዋጥ፣ ይልቁንም በጾም በባዶ ሆድ፣ ጨጓራን ያደማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። «ኩላሊቴን» ብሎ የጀመረ ሰው በመድኃኒቱ እውነተኛ የኩላሊት በሽተኛ ሊሆን ነው! ሒጃማ የሚያስደርጉ ከሆነ ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ወጌሻ አከርካሪዎን እንዲያንቋቋ አይፍቀዱ።

መቆም ያቃተው ተቀምጦ መስገድ እንደሚችል ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒምራን ቢን ሑሰይን (ረ.ዐ) ነግረዋቸዋል። ስለዚህ በወገብ ህመም ምክንያት ከመስጊድ አይቅሩ።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ትኩሳት፣ ላብና መክሳት ያለበት የጀርባ ህመም ግን ሌላ ነገር ነው። የአከርካሪ ቲቢ ሳል ሳይኖረውም ይህን ያደርጋል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ከዘገየ ግን ጀርባን ያጎብጣል። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ ከደነዘዘ ወይም ሽንት አልያዝ ካለ ደግሞ ነገ ሳይባል በዚያው ዕለት ወደ ገብረፃድቅ ሻዎ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።