ከአምቦ የተነሣ አልበም እና የወራሾች መብት

የድምጻዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሦስተኛ አልበም «ማል መሊሳ» ለአድማጭ የበቃው ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም፣ ድምጻዊው በአዲስ አበባ የተገደለበት አንደኛ ዓመት በታሰበበት ዕለት ነው። አልበሙ ከጥበባዊ ዋጋው ባሻገር፣ ባለቤቱ በሕይወት የሌለ የፈጠራ ሥራ የማን ነው? ጥበቃውስ እስከ መቼ ይዘልቃል? ለሚሉት ጥያቄዎች ጥሩ ማሳያ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አምቦ በይበልጥ የምትታወቀው በማዕድን ውኃዋ ቢሆንም፣ አካባቢው ታላላቅ የጥበብ ሰዎችንም አፍርቷል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለዱት በአምቦ አቅራቢያ በምትገኘው ቦዳ ነው። የአምቦ ተወላጅ የሆነው ሃጫሉ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2003 በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመታትን በእስር ያሳለፈ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2009 የወጣውን «ሰኚ ሞቲ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈውም እዚያው ሆኖ ነው። ሁለተኛው አልበሙ «ዋኤ ኬኛ» እ.ኤ.አ በ2013 ለሕዝብ ቀርቧል።

አንድ የሙዚቃ አልበም በውስጡ የተለያዩ መብቶችን ይይዛል። የግጥሙና የዜማው ደራሲ የቅጂ መብት ሲኖረው፣ ድምጻዊው የከዋኝነት፣ ቀረጻውን ያሳተመው ወገን ደግሞ የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጅነት መብት አላቸው። እነዚህ መብቶች የተደነገጉት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

በአዋጁ መሠረት መብቱ የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ ብቻ ሲሆን፣ ምዝገባ ለጥበቃው ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ በውርስም ይተላለፋል። በዚህ ስሌት ሃጫሉ ራሱ የደረሳቸው ሥራዎች ጥበቃ እስከ እ.ኤ.አ 2070፣ እ.ኤ.አ በ2006 ያረፉት የሎሬት ጸጋዬ ሥራዎች ጥበቃ ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ 2056 ይዘልቃል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። ለበዓል፣ ለፌስቲቫል ወይም ለማስታወቂያ የሚውል ዘፈን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት አይደለም። ሲዲ የገዛ ሰው ቅጂውን እንጂ መብቱን አልገዛም። ስለሆነም የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች በሥራው ከመጠቀማቸው በፊት የመብቱን ባለቤት ወይም ወራሾቹን ማስፈቀድ፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ማድረግ ይኖርባቸዋል። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የጋራ አስተዳደር ማኅበራት በባለመብቶች ስም የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፍቷል።

አርቲስቱ ሲያልፍ ከኋላው የሚቀሩት ቤተሰቦቹና ሥራዎቹ ናቸው። በጊንጪም ሆነ በጉደር አደባባይ ዘፈኑ ሲደመጥ ደስታው የሁሉም ነው፤ ከዘፈኑ የሚገኘው ገቢ ግን ለልጆቹ ሊደርስ ይገባል። ይህም እውን የሚሆነው ሕጉን የሚያስፈጽመው ባለሙያ መብቱን አውቆ ሲያከብር ነው።