ኔይማር ሪያድ በገባበት ሰሞን

ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. የሪያዱ አል ሂላል ብራዚላዊውን ኔይማርን ከፓሪስ ሴንት ጀርሜን ማስፈረሙን ይፋ አደረገ። በስድስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 15፣ ሂውማን ራይትስ ዎች አንድ ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያም በቅርብ በተተኮሰ ጥይትም፣ ሴትና ሕፃን ሳይለዩ፣ በመቶዎች ገድለዋል ይላል። የሸፈነው ጊዜ ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ያለውን ነው። ሳዑዲ ክሱን መሠረተ ቢስ አለችው። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ጉዳዩን ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚያጣራ አስታወቀ።

ሁለቱ ዜናዎች ወሎ ውስጥ ገራዶም፣ ደሴም፣ ኮምቦልቻም የደረሱት በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ስልክ ነው። የመጀመሪያው የቲፎዞ ወሬ ሆነ። ሁለተኛው ልጁ ወጥቶ ድምፁ የጠፋበትን ቤት ሁሉ አስጨነቀ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርደው አስፋልት ሚሌን አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ኦቦክ ነው፣ ጀልባ ነው፣ የመን ነው፣ ሰዓዳ ነው፣ ተራራው ነው። የወሎ ወጣት ይህን መንገድ ከካርታ ሳይሆን ከሄዱት ሰምቶ ያውቀዋል። ሳዑዲ በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስም ከተመለሱት ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ።

እንግዲህ እዚህ ቁጭ ብሎ ኳስ የሚወድ ሰው ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ባለቤቱን እንወቅ። በግንቦት 2015 የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የአል ሂላልን፣ የአል ናስርን፣ የአል ኢትሐድንና የአል አህሊን 75 በመቶ ድርሻ ያዘ። ያው ፈንድ በመስከረም 2014 የእንግሊዙን ኒውካስል 80 በመቶ ገዝቶ ነበር። የፈንዱ ሊቀመንበር አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሰልማን ናቸው። ስለዚህ ለአጥቂው ደሞዝ የከፈለውና ድንበር ጠባቂውን ያሰማራው አንድ መንግሥት ነው። ይህ በግምት የሚባል ነገር አይደለም፤ በግልጽ የተጻፈ የባለቤትነት መዝገብ ነው።

የገራዶ ልጅ ግን ለዚያ መንግሥት ሳንቲም ያዋጣል ማለት ይከብዳል። ለዲኤስቲቪ ቤት የሚከፍለው የመግቢያ ብር ሪያድ ቢደርስ እንኳ የሚቆጠር አይደለም። ገበያ ላይ የሚገዛው ማሊያም አብዛኛው ተመሳስሎ የተሠራ ነው። ነዳጅ ያለው አገር የእሱን ብር ለምን ይፈልጋል? የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ኒውካስል የተሸጠ ቀን ከስታዲየሙ ውጭ የተሰበሰቡ አንዳንድ እንግሊዛውያን ደጋፊዎች የዓረብ ጥምጥም ጠምጥመው ጨፈሩ። ሳዑዲን በክፉ የሚያነሳ ጋዜጠኛ ሁሉ ጠላታቸው ሆነ። ማንም አልከፈላቸውም። ክለቡ በመጋቢት 2017 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ ከ70 ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን የአገር ውስጥ ዋንጫ ሲያነሳ የሰዎቹ ደስታ እውነተኛ ነበር። ደስታቸውን አልነቅፍም። ግን ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛው ያንን ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ ሳይጠየቅ ጠበቃ የሚሆንለት ሕዝብ።

መስመሩ የሚሰመረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሮናልዶ ከአል ናስር ጋር ሲጫወት ማየት፣ ጎሉን ማድነቅ፣ ኃጢአት አይደለም። የሪፖርቱ ወሬ ሲነሳ “የክለባችንን ስም ለማጥፋት ነው” ብሎ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ኳሱ አብቅቷል፣ ሰውየው ጥብቅና የቆመው ለግፍ ነው።

በአውሮፓ አንዳንድ ደጋፊዎች መፍትሔው መተው ነው ይላሉ፤ አለማየት፣ አለመግዛት። አከብራቸዋለሁ፤ የሚያጡት ግን የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታን ነው። ወሎ ውስጥ ሳዑዲን እንዲህ በአንድ ቃል መተው አይቻልም። እህት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ወንድም ያለ ወረቀት በግ ይጠብቃል። ከዚያ በተላከ ብር ቆርቆሮ ተመቷል፣ ታናናሾች ተምረዋል፣ ዕዳ ተከፍሏል። ሐጅና ዑምራም አለ። የቤቱን ግማሽ ያቆመው አገር የጎረቤትን ልጅ ገደለ ሲባል፣ ያንን አገር ደፍኖ መጥላትም ደፍኖ መውደድም ውሸት ይሆናል። የሚቀረው ሁለቱንም ይዞ መናገር ነው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለክለብ ሲባል ከሁለቱ አንዱን መዋጥ ከዚያ የባሰ ነው።

ደግሞስ የቲፎዞ ድምፅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ወልድያ ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ያስገነቡት ስታዲየም ጥር 2009 ተመረቀ፤ 25 ሺህ ሰው ይይዛል። ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 2010፣ ወልድያና መቀሌ ከተማ ሊጋጠሙ በነበረበት ቀን ከተማው ውስጥ ግጭት ተነሣ። ጨዋታው ቀረ፣ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ። በሚያዝያ ደግሞ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና መከላከያ አዲስ አበባ ላይ ሲጫወቱ ዳኛ ተደብድቦ ፌዴሬሽኑ ሊጎቹን አገደ። ያን ሰሞን ማሊያ የብሔር መለያ፣ የመደገፊያው ዜማም ስድብ ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ጦርነት ከስታዲየም ጀመረ ማለት አይደለም። ነገር ግን ብዙ ወጣት ያንን ስድብ በአንድ ድምፅ መጮህ የለመደው እዚያ ነው፤ ከጎኑ ቆሞ “ተው” የሚለው ሰው አልነበረም፣ ወይም አልተሰማም።

በአገር ቤት የደጋፊው ኃላፊነት የሚከብደው በሌላም ምክንያት ነው። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ነው። የደሴ ከተማ ወይም የወሎ ኮምቦልቻ ደጋፊ እንግዲህ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ ግብር ከፋይ ነው። የተጫዋች ደሞዝ ለምን ይዘገያል፣ በጀቱ የት ገባ፣ የታዳጊ ቡድን ለምን የለም ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ማንቸስተርና ሎንዶን ላይ ሊያገኘው የማይችለው ሥልጣን ደጁ ላይ አለ። ሆጤ ሜዳ ሄዶ መጠየቅ ጉልበት እንጂ ቪዛ አይፈልግም።

ወደ ሳዑዲ ስንመለስ፣ ፊፋ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ ሰጠ፤ ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። በዕቅዱ 15 ስታዲየሞች አሉ። ግንባታውን የሚሠሩት ከውጭ የሚሄዱ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ ከወሎም እንደሚሄዱ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አዘጋጅ ከተሞቹ ሪያድ፣ ጅዳ፣ አል ኾበር፣ ኒዮምና አብሃ ናቸው። አብሃ ከየመን ድንበር ብዙም የማትርቅ የደቡብ ከተማ ናት፤ ተራራውን ከተሻገሩት የወሎ ልጆች ብዙዎቹ በዚያ በኩል ያልፋሉ። እዚያ የሚካሄደውን ጨዋታ ገራዶ ሆኖ የሚያይ ሰው ስለ ሟቾቹ ቁጥር፣ ስለተባለው የጋራ ማጣራት ውጤት፣ ልጇን ስለምትፈልግ እናት ጮክ ብሎ ይጠይቅ። እስከዚያ ዓመታት አሉት፤ ጥያቄውን ግን ዛሬ መጀመር ይችላል።