ግራፍ የሚሥለው የሒሳብ መኪናና የዘመን መለወጫ ቀን



የሒሳብ መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ባለሱቅ የሚደምርባትና የሚቀንስባት ትንሽ ዕቃ ናት። እኔ አሁን ልገልጽላችሁ የፈለግሁት ግን ግራፍ ስለሚሥለው፤ ትእዛዝም ጽፈው ቢሰጡት ይዞ ስለሚፈጽመው ዓይነት ነው። የዚህ ዓይነቱን የመጀመሪያ መኪና በ1985 (በአውሮጳ አቆጣጠር) ለገበያ ያወጣው ካሲዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፤ ለፕሮግራም የነበረው ቦታ 422 ባይት ብቻ ነበር። እኔ ያለኝ ደግሞ አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ፤ ልጅዋ ተምሮበት የጨረሰው ቲ አይ 84 ፕላስ ነው። ይህን ዓይነት ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ2004 (በአውሮጳ አቆጣጠር) አወጣው። መስኮቱ ወደ ጎን 96፤ ወደ ታች 64 ነጥቦች ብቻ ስላሉት የሚሥለው መሥመር እንደ ደረጃ የተሸራረፈ ነው፤ ነገር ግን ለሥራ ይበቃል።

«ማዝ» የሚል የተጻፈበትን ቁልፍ ሲጫኑ አብረውት የተሠሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር ይወጣል። ትልቁን የጋራ አካፋይ፤ ትንሹን የጋራ ብዜት፤ ከግራፍ በታች ያለውን ስፋት፤ ሌላም ብዙ ነገር ከዚያ ይገኛል። ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ መኪናው የማያውቀው ነገር የለም ብዬ አመንሁ። በዚህም እምነቴ አንድ ቀን ተዋረድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ሥራችን የኤክስን አብሶሉት ቫሊዩ ዴሪቫቲቭ በዜሮ ላይ ፈልጉ ይላል። እኔም መኪናውን ብጠይቀው 0 አለኝ፤ 0 ብዬም ጻፍሁ። መምህራችን በቀይ ቀለም ሰረዙብኝና «ግራፉን ሥለህ ተመልከት» አሉኝ። ግራፉ እንደ ዐሥረኛው የላቲን ቁጥር የላይኛው ግማሽ፤ ማለት ታችኛው ጫፉ ሹል የሆነ ቅርጽ ነው። በግራ ያለው ክንፍ ተዳፋቱ -1፤ በቀኝ ያለው 1 ስለ ሆነ በሹሉ ላይ ዴሪቫቲቭ የለም። መኪናው ለምን ተሳሳተ? የዴሪቫቲቭን ሕግ ስለማያውቅ ነው። የሚያደርገው ከነጥቡ በ0.001 ወደ ቀኝና በ0.001 ወደ ግራ ሄዶ፤ የሁለቱን ከፍታ ልዩነት ለ0.002 ማካፈል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ከፍታዎች 0.001 ናቸውና ልዩነታቸው ዜሮ ሆነ። መሐል ላይ ያለውን ሹል ዘወር ብሎም አላየው።

ከዚህ በኋላ ራሴ ያዘዝሁትን ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሣሁ። የመረጥሁትም መስከረም 1 ቀን በምን ዕለት እንደሚውል የሚናገር ፕሮግራም ነበር። አያቴ ይህን በባሕረ ሐሳብ በጣታቸው ሲያሰሉ ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ። ሥሌቱ እነሆ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ይህም ዓመተ ዓለም ይባላል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው መጠነ ራብዒት ነው። ሁለቱ ተደምረው ለ7 ይካፈላሉ፤ የሚተርፈውም ዕለቱን ይነግራል። 0 ሰኞ፤ 1 ማክሰኞ፤ እያለ እስከ 6፤ ማለት እስከ እሑድ ይደርሳል።

ጽፌ እንደ ጨረስሁ በ2016 ዓ.ም. ሞከርሁት። 7516 ለ4 ሲካፈል 1879፤ ድምሩ 9395፤ ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው 1፤ ማክሰኞ። እውነትም ማክሰኞ ነበር የዋለው። በማግሥቱ ጓደኞቼን ሰብስቤ ትዕቢት በተሞላ ድምፅ «ዓመት ጥሩ!» አልሁ። አንዱ 2018 አለ። መኪናውም 3.5 ብሎ መለሰ። ግማሹ ሐሙስ ግማሹ ዓርብ የሆነ ዘመን መለወጫ ማን አይቶ ያውቃል? ሳቁ እስከ ደወል ድረስ አላባራም።

ማታ ለአያቴ አጫወትኋቸው። መኪናውን በእጃቸው እንኳ ሳይነኩ ጥቂት አስበው «ልጄ፤ ለ4 ስታካፍል የተረፈውን ጥለኸዋል?» አሉኝ። አልጣልሁም ነበር። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ መኪናው ግን 1879.5 ብሎ ግማሹን ይዞት ሄዷል። 2016 ላይ ያልተያዝሁት 7516 ለ4 እኩል ስለሚካፈል ነው፤ የሞከርሁበት አንድ ዓመት እንከኑን የሚሸፍነው ሆኖ ተገኘ።

መድኃኒቱ ከዚያው ከማዝ ቁልፍ ዝርዝር ውስጥ ነበር። «ኢንት» የሚባለው ፈንክሽን ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ሙሉውን ቁጥር ያስቀራል። (ከዜሮ በታች ለሆኑ ቁጥሮች ግን ወደ ታች ስለሚወርድ -2.3ን -3 ያደርገዋል፤ በዚህ ሥሌት አያስቸግርም።) ለ7 ሲካፈል የሚተርፈውንም በእርሱ አገኛለሁ፤ 9397 ለ7 ሲካፈል ሙሉው 1342፤ ይህ በ7 ሲባዛ 9394፤ ከ9397 ሲቀነስ 3። ሐሙስ! የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ሐሙስ እንደ ዋለ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

አሁን ፕሮግራሙን ከመጠቀሜ በፊት አራት ተከታታይ ዓመታት እሞክርበታለሁ፤ ለ4 ሲካፈል ሊተርፍ የሚችለው 0፤ 1፤ 2 ወይም 3 ብቻ ነውና። አያቴ በጣታቸው እኔ በመኪናው ስንወዳደር ግን እስከ ዛሬ የሚቀድሙኝ እርሳቸው ናቸው፤ ቁልፎቹን ፈልጎ መጫን ጊዜ ይወስዳል። ፕሮግራሙ አምስት መሥመር ስለ ሆነ መቅዳት የሚፈልግ ሰው ቢኖር በምሳ ሰዓት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ።