ለአሮጌ መኪና አዲስ ሳንባ

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ አሮጌ አውቶሞቢል በዚያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚያቃስት አይቷል። በሦስተኛ ማርሽ የጀመረው በአንደኛ ይጨርሳል፤ ባለቤቱም መኪናዬ አረጀ ብሎ ያማርራል። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የእርጅና ብቻ አይደለም፤ የአየሩም ጭምር ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጉለሌ ደግሞ ከዚያ እያሻቀበ ሄዶ በእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በከተማችን ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ሞተር ያለ አየር ቤንዚን ሊያቃጥል ስለማይችል፣ በባሕር ጠረፍ 60 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 45 ይወርዳል። ካርቡራተሩም አየሩ በሳሳ መጠን ቤንዚኑን አይቀንስምና፣ ጥቁር ጭስ ይበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ሆኖ የሚነገረው ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው መዘውር ደግሞ አየሩን እየጨመቀች ወደ ሲሊንደር ትገፋለች። አልፍሬድ ቡኪ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ለዚህ ሐሳብ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደተባለው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ተራራ አወጣ። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ 230 ብቻ ሆነ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። እንግዲህ ቱርቦ ከጥንቱም የደገኛ ሰው ወዳጅ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል መልካም ከሆነ በየአሮጌው መኪና ላይ ለምን አይገጠምም? በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ ያለውን ላዳ ወይም ቮልስ ዋገን ማደስ የሚሻው ወጣት ጥያቄው ቢያሳስበው አያስደንቅም።

መልሱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ ከቀረቡት ሁለት ባለ ካርቡራተር መኪናዎች እናገኘዋለን። የሸቭሮሌ ኮርቬር ሠሪዎች የሞተሩን የመጭመቅ ልክ ዝቅ አድርገው ቱርቦውን ገጠሙ፤ መኪናውም ለዓመታት ተሸጠ። የኦልድስሞቢል ጄትፋየር ሠሪዎች ግን ልኩን ከፍ እንዳለ ትተው፣ ሞተሩ እንዳይግል ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ እንዲረጭበት አደረጉ። ባለመኪናዎቹ ፈሳሹን መሙላት እየዘነጉ ቢያስቸግሩ፣ ፋብሪካው በ1965 ቱርቦውን ነቅሎ ተራ ካርቡራተር ልተካላችሁ እስከ ማለት ደረሰ።

ችግሩ ያለው ከሙቀት ላይ ነው። የተጨመቀ አየር ይግላል፤ ቤንዚኑም የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ያን ጊዜ መዶሻ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ቸል ከተባለም ፒስቶን ይቀልጣል። በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጡት ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪናዎች ይህ ችግር የሌለባቸው፣ ናፍጣ ሞተር አስቀድሞ የሚጨምቀው ባዶ አየር ስለ ሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ቱርቦው ከካርቡራተሩ በፊት ከተገጠመ የቤንዚኑ ፓምፕ ግፊቱን አሸንፎ መግፋት አለበት፤ ካርቡራተሩም እንዳያፈስ መታሸግ ይገባዋል። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ሊዞር የሚችለው ዘንግም ንጹሕ ዘይት ሳይቋረጥ ይፈልጋል።

ሌላም አለ። ለጉለሌ አየር የተለካ ቱርቦ ወደ አዳማና ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በወፍራሙ አየር ላይ ያንኑ ግፊት ይጨምርበታል፤ በእንጦጦ የተረፈው ሞተር በቆላ ሊቃጠል ይችላል። ዳገቱን በፍጥነት የወጣ መኪናም ቁልቁለቱን መውረድ አለበት፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደመወዛቸውን አጠራቅመው ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት በቅደም ተከተል ቢያስቡ እንመክራለን። አስቀድሞ የካርቡራተሩ ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ ለደጋ አየር ይስተካከል፤ የካንዴላው መተኮሻ ጊዜም ጥቂት ይቅደም። ፍሬኑና ራዲያተሩ ይታዩ። ይህ በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ማቃሰት ያስቀራል። ከዚህ በኋላም ቱርቦ የሚያሻው ቢኖር፣ ከፍታው የወሰደበትን ብቻ ለመመለስ ያህል፣ በግፊት መለኪያ እየተቆጣጠረ ያስገጥም። ከዚያ በላይ መሻት ግን አባቶቻችን እንዳሉት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።