«ሰምታችኋል?» የሚሉ ሰርቨሮች

በኮልፌ ቀራንዮ ሰፈሮች የለቅሶ ወሬ ከቤት ወደ ቤት ሲሻገር መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ «ሰምታችኋል?» የሚል ነው። የሰማ ቤት ይታለፋል፤ ላልሰማ ይነገራል። ኒውስግሩፕ በመባል የሚታወቁት የኮምፒውተር የውይይት መድረኮችም የሚሠሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። በዚህ ጽሑፍ አሠራራቸውንና ፋይል ለማውረድ የሚደረገውን ግንኙነት ባጭሩ እንመለከታለን።

የኒውስግሩፖች መረብ የሆነው ዩዝኔት እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩት በቶም ትሩስኮትና በጂም ኤሊስ ታስቦ በ1980 ሥራ ጀመረ። መረቡ ማዕከል የለውም። አንድ ሰው የጻፈው መልእክት የማይደገም መለያ ተሰጥቶት እርሱ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሰርቨሩም መለያውን ለጎረቤቱ ያሳያል፤ ጎረቤቱ መልእክቱ ከሌለው ይቀበላል፣ ካለው ይተወዋል። በዚህ መቀባበል ቅጂው በብዙ ሰርቨሮች ላይ ስለሚገኝ የአንዱ መዘጋት መልእክቱን አያጠፋውም።

ተመሳሳይ ዘዴ አገራችንን አገልግሏል። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ፊዶኔት በተሰኘው ሥርዓት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። መልእክቶቹ ተጠራቅመው ይቆዩና የስልክ መስመሩ ሲገናኝ ባንድነት ይላካሉ። የውጭ ስልክ በደቂቃ በሚከፈልበት ዘመን ይህ ዘዴ ብዙ ወጪ ያድን ነበር።

ከዩዝኔት ጋር ለመገናኘት የሰርቨሩ አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜም የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም እንደ ተንደርበርድ ያለ የማንበቢያ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የግንኙነቱ በር ቁጥር 119 ሲሆን ለተመሰጠረ ግንኙነት 563 ነው። ፕሮግራሙ በቅድሚያ የመድረኮቹን ስም፣ ቀጥሎ የመልእክቶቹን ርዕስ ያመጣል፤ ሙሉው መልእክት የሚወርደው አንባቢው ሲመርጠው ነው።

ዩዝኔት የተሠራው ለጽሑፍ በመሆኑ ሥዕልም ሆነ ፕሮግራም ሰርቨሩ ወደሚቀበለው ቅርጽ መለወጥ አለበት። በቀድሞው ዘዴ 3 ባይት 4 ፊደል ይሆናል። ስለዚህ በ56 ኪሎቢት ሞደም 143 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው የ1 ሚሊዮን ባይት ፋይል ከ190 ሴኮንድ በላይ ይጠይቃል። በ2001 የወጣው ዋይኢንክ ጭማሪውን ወደ 2 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጎታል። ትልቅ ፋይል በብዙ መልእክቶች ተከፋፍሎ ስለሚላክ አንዱ ክፍል ከጎደለ ፋይሉ ላይከፈት ይችላል። የሚወርደውን ፋይል በጸረ ቫይረስ መመርመርና የደራሲያንን መብት ማክበርም የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከዩዝኔት ጋር የነበረውን ቅብብል አቋርጧል፤ ዩዝኔት ግን አልተዘጋም። ባለቤት የሌለውን መረብ አንድ ድርጅት ሊዘጋው አይችልም፤ «ሰምታችኋል?» ብለው የሚጠያየቁ ሁለት ሰርቨሮች እስካሉ ድረስ ቅብብሉ ይቀጥላል።