«ስድስት ወር ያለፈው እጅ አይመለስም»?

በስትሮክ አንድ ጎናቸው የተያዘባቸው ሰዎች ደጋግመው የሚሰሙት ነገር አለ፤ በስድስት ወር ውስጥ ያልተንቀሳቀሰ እጅ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ይባላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የሞቱ የአንጎል ሴሎች አይመለሱም፤ ፈጣኑ መሻሻልም የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። የተረፈው አንጎል ግን መማሩን አያቆምም፤ ጤነኞቹ ክፍሎች በልምምድ ብዛት የጠፋውን ሥራ በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ።

የልምምድ ጉልበት በእንስሳት ላይም ታይቷል፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ የጦጣዎችን የአንድ እጅ የስሜት ነርቭ ሲቆርጡ ጦጣዎቹ በእጁ መጠቀም ተዉ። ደህናው እጅ ሲታሰርባቸው ግን በተተወው እጅ መሥራት ጀመሩ። (ሙከራዎቹ በእንስሳቱ ሥቃይ የተነሣ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል፤ ተገቢም ነበር።) እንስሳው ሞክሮ ሞክሮ ስላቃተው አለመጠቀምን ተምሮ ነበር ማለት ነው።

ይኸው ሐሳብ ወደ ሰው ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ስትሮክ ከያዛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሕክምናው ደህናውን እጅ ለሁለት ሳምንት በወፍራም ጓንት ሸፍኖ ደካማውን በየቀኑ ለሰዓታት ማሠራት ነው። ይህን ያገኙት በተለመደው ክትትል ከቆዩት የበለጠ ተሻላቸው፤ ለውጡም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ተራቸውን አንድ ዓመት የጠበቁትም ሲጀምሩ ተሻሽለዋል። የእጅ አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ለማይችሉ ግን ይህ መንገድ አይሆንም።

እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ «ሕመምተኛ ይረፍ» የሚለው እምነት ነው። «አባባ፣ አይድከሙ» ብለን እናጎርሳቸዋለን፣ ቁልፋቸውን እንቆልፍላቸዋለን፣ ስኒውን ከአፋቸው እናደርስላቸዋለን። ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ደካማው እጅ ሊለማመድበት የሚችለውን ሥራ ሁሉ እንቀማዋለን። ቢዘገዩም፣ ቢያፈሱም፣ አጠገባቸው ሆኖ መጠበቅ ይበልጥ ያግዛቸዋል።

ይህ ማለት ግን ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ማስጨነቅ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣና ከ2,000 በላይ ሕሙማንን ባካተተ ጥናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ ተነሥተው በብዛት እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ከሦስት ወር በኋላ ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። መጠኑን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይወስን።

ከሁሉም የሚሻለው ሴሎቹ ሳይሞቱ መድረስ ነው። ፊት ድንገት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር «መጋኛ መታው» ብሎ መቆየት ውድ ጊዜ ያባክናል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛውን ይዛችሁ ስትወጡ የጀመረበትን ሰዓት መዝግባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።